እህቴ ጫሞ ላይ የጠየቀችኝ

አርባ ምንጭን ከልጆች ጋር ለማየት ካሰቡ በመኪና እንዲሄዱ እመክርዎታለሁ። አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ገደማ ያደርስዎታል። ነገር ግን በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በወላይታ ሶዶ በኩል ያለው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው። ሶዶን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ ሹራብዎን ያወልቃሉ። በግራዎ አባያ ቀላ ብሎ ብቅ ይላል፣ በቀኝዎ የጋሞ ተራሮች ይከተሉዎታል፣ መንገዱ ዳር ደግሞ ሙዝ ተከምሯል። እኛ ሦስት ቦታ ቆመን ገዛን፤ ስንደርስ ግማሹ በሙቀት ጠቁሮ ነበር። እርስዎ ሲመለሱ ይግዙ።

የሄድነው አምስት ሆነን ነው፦ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ9 ዓመት ወንድሟና ታናሽ እህቴ። የእህቴ ባል “ሥራ በዝቶብኛል” ብሎ ቀረ። ምክንያቱ ሌላ እንደነበረ ያወቅሁት እዚያ ከደረስን በኋላ ነው።

አርባ ምንጭ ሁለት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ታች ሲቀላ ገበያውና ግርግሩ አለ፤ ላይ ሼቻ ደግሞ አፋፉ ላይ ተቀምጣ ሐይቆቹን ቁልቁል ታያለች። ሼቻ ካሉት ሎጆች በአንዱ በረንዳ ላይ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ይበሉ። ከእግርዎ ሥር ለከተማዋ ስሟን የሰጧት ምንጮች የሚፈልቁበት ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ከደኑ ማዶ በስተግራ አባያ፣ በስተቀኝ ጫሞ ተዘርግተዋል። ሁለቱን የሚለያቸው ኮረብታ “የእግዜር ድልድይ” ይባላል። አባያ ወንዞች ጠርገው በሚያመጡለት አፈር የቀላ ነው፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። እንዲህ ጎን ለጎን ተኝተው ውኃቸው አለመመሳሰሉ መጀመሪያ ያየን ሁሉ ያስገርመናል። ድልድዩም ሆነ ማዶ ያለው ሜዳ በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው።

ልጆቹ ከአባታቸው ጋር ጦጣ ሊያዩ ወረዱ። እህቴ ማኪያቶዋን ሳትነካው፣ “እታለም፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው። እምቢ ብትዪኝ አልቀየምሽም” አለችኝ። ዓይኗ ጫሞ ላይ ነበር። የእሷንና የባሏን ልጅ እኔ እንዳረግዝላት ጠየቀችኝ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ላስረዳዎ። ከአራት ዓመት በፊት እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ገብታ ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ፈሰሳት። ሕፃኑ አልተረፈም። እሷን ለማትረፍ ሐኪሞቹ ማሕፀኗን ማውጣት ነበረባቸው። ከዚያ ሌሊት እኔ የማስታውሰው ደም የያዘ ከረጢት ታቅፌ ኮሪደር ላይ መሮጤን ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ልጅ በቤታችን አይወራም ነበር። የልጆቼን ልደት እንኳን እሷ በማትመጣበት ሰዓት ማክበር ጀምረን ነበር፤ አሁን ሳስበው እንደዚያ ማድረጋችን የባሰ ጎድቷታል።

ማሕፀኗ ይውጣ እንጂ እንቁላል የሚያመርተው አካሏ ደህና ነው። ይህን የነገራት ሐኪም ነው። እንቁላሏ ከባሏ ዘር ጋር ከማሕፀን ውጪ ይገናኛል፣ ፅንሱ ጥቂት ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ በሆርሞን በተዘጋጀ የሌላ ሴት ማሕፀን ውስጥ ይቀመጣል። አይ ቪ ኤፍ የሚባለው ዘዴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ሉዊዝ ብራውን ስትወለድ የጀመረ ነው። ወደ እኛ ሀገር የመንግሥት ሆስፒታል ለመግባት 40 ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል የተከፈተው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ጠበል ለጠበል ይዞር ነበር፤ ብዙው ሰው ሁለቱንም ያደርግ ነበር።

እህቴን ያነጋገራት ሐኪም ግን አላበረታታትም። “እኛ የምናክመው ባልና ሚስትን ነው። ሦስተኛ ሰው ሲገባበት ሕክምናው ሳይሆን ሌላው ነገር ይከብዳል” አላት። ሌላው ነገር ያለው ምን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው።

ጋዜጦች ይህን “የማሕፀን ኪራይ” ይሉታል። እህቴ ኪራይ የሚለውን ቃል አትወደውም፤ “ማዋስ” ትላለች። እኔን ሁለቱም አይጥሙኝም። ዕቃ ሲያውሱ የሚሄደውም የሚመለሰውም ያው ዕቃ ነው። እዚህ የሚሄደው ሌላ፣ የሚቀረው ሌላ ነው።

ያን ማታ መልስ አልሰጠሁም። ለባለቤቴ ነገርኩት። ጣራውን እያየ ብዙ ቆየና “ልጆቹ ነገ ጀልባ አለባቸው፤ እንተኛ” አለ። እኔ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጫሞ ላይ ጀልባ የሚያዘው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው መነሻ ነው። ጠዋት በጊዜ ይሂዱ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ውኃው ይናወጣል፤ ልጅ ይዘው ከሆነ ደግሞ ፀሐዩ ምሕረት የለውም። ኮፍያ፣ ውኃና የሕይወት አድን ሰደርያ እንዳይረሱ። ሰደርያውን ጀልባው ላይ ይሰጡዎታል፤ ለልጅዎ ልክ የሚሆን እስኪያገኙ ድረስ አይውጡ። እኛ ለልጄ የሚሆን አጥተን ሌላ ጀልባ ጠብቀናል።

መጀመሪያ የሚያገኙት ጉማሬዎቹን ነው። ጆሯቸውንና ዓይናቸውን ብቻ አውጥተው ያዩዎታል። ዓሣ አጥማጆች ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ፣ እግራቸው ውኃውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው አጠገባቸው ያልፋሉ። ልጄ “አይፈሩም?” አለች። ባለጀልባው “ይፈራሉ እንጂ!” አላት።

ከዚያ “አዞ ገበያ” ይደርሳሉ። ዳርቻው ላይ አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል፤ ከ5 ሜትር የሚረዝሙም አሉባቸው። ባለጀልባው ሞተሩን አጠፋ። በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው፤ ልጆቹ “ጋሼ” ይሉታል። እናቲቱ በደረቁ ወራት አሸዋ ቆፍራ ብዙ እንቁላል እንደምትቀብር፣ ሦስት ወር ያህል ያለ በቂ ምግብ አጠገቡ ተኝታ እንደምትጠብቅ፣ ጫጩቶቹ ገና እንቁላል ውስጥ እያሉ ሲጮኹ ሰምታ እንደምትቆፍርላቸው፣ በዚያ ጥርስ ውስጥ በጥንቃቄ አድርጋ ወደ ውኃ እንደምትወስዳቸው ነገረን።

“ጋሼ፣ የራሷን ልጆች በምን ታውቃቸዋለች?” አለ ወንዱ ልጄ።

“የጎረቤቷም ሊገባባት ይችላል” አለው። “የብዙ እናት ልጆች አንድ ላይ ይቀላቀላሉ። የምትጠብቃቸው አንዷ ናት። ሲጮኹ ትመጣለች፤ ማን ወለደሽ ብላ አትጠይቅም።”

እህቴ ወደ እኔ ዞር አላለችም። እኔም ወደ እሷ አላየሁም። አዞ ሰው አይደለም፤ የአዞ ልጅ ለአቅመ አዳም ሲደርስ ተነስቶ “እናቴ ማናት?” አይልም። ቢሆንም የሰማሁት ውስጤ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ አባያ ዳር ወዳለው የአዞ እርባታ ሄድን። በ1970ዎቹ የተቋቋመ ነው። እንቁላል ከሐይቆቹ ዳርቻ ተለቅሞ መጥቶ በሙቀት ይፈለፈላል፣ ጫጩቶቹ በየገንዳው ያድጋሉ። ዓላማው ቆዳ ነው፤ ይህን ለልጆች ሲያስረዱ ቃል ይምረጡ፣ የእኔው አንድ ሙሉ ቀን አኩርፏል። እዚያ የሰማሁት ሳይንስ ግን ይገርማል። አዞ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በዘር አይደለም፤ እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው። መካከለኛ ሙቀት ወንድ ያወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለውና በጣም የሞቀው ሴት። እህቴ በጆሮዬ “ታዲያ አሸዋውም ወላጅ ነዋ!” አለችኝ። ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅን።

ቀልድ ነው፤ ግን ቁም ነገር አለው። ብዙ ሰው የሌላ ሰው ፅንስ የምትሸከም ሴት ዕቃ እንደምታስቀምጥ አድርጎ ያስባል። የልጁ ዘር በእርግጥ ከእሷ አይደለም። ነገር ግን ዘጠኝ ወር ሙሉ የሚመገበው ከእሷ ደም ነው። የደም ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ ጭንቀቷ፣ የምትበላውና የምትጠጣው ሁሉ ይነካዋል። የፅንሱ ሴሎችም በእንግዴ ልጁ በኩል አልፈው ካረገዘችው ሴት ደም ውስጥ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ ግን ወተቱ ነው። ልጁ የማንም ይሁን፣ ከተወለደ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጡት ይሞላል። ሰውነት ውል አያውቅም። ሁለት ልጅ አጥብቻለሁና ያን ቀን አውቀዋለሁ። ጡቴ ሞልቶ ሕፃኑ እህቴ ቤት ቢያለቅስ ምን እንደምሆን ከሐኪም ይልቅ እኔ አውቃለሁ።

ማታ ዓሣ በላን። አርባ ምንጭ ሄደው ዓሣ ሳይበሉ መመለስ አይታሰብም፤ ጥብሱን ልጆች ይወዱታል፣ የዓሣ ዱለቱን ደግሞ እርስዎ ይሞክሩት። ልጆቹ ሲተኙ እህቴ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ለካ ጠበቃ ዘንድ ሄዳ ኖሯል። በእርሳስ ያሰመረችበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የሚሠሩበት ይኸው ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ይችላሉ።

ሕጉ እናትነትን የሚያውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመውለድ። እንቁላሉ የማን ነው ብሎ አይጠይቅም። ያገባች ሴት ከወለደች ደግሞ አባቱ ባሏ እንደሆነ ይገመታል። ስለዚህ የእህቴን ልጅ እኔ ብወልደው በሕግ ፊት እናቱ እኔ ነኝ፤ አባቱ ደግሞ ከእኔ አጠገብ ዓሣ የሚበላው ባለቤቴ ነው። እህቴ የገዛ ደሟን ለማግኘት ከእኔ በጉዲፈቻ መቀበል ይኖርባታል ማለት ነው፤ እሱም የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው። በዚያው ሕግ መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ምርጫ በሚያስፈልግበት ጊዜ ግን ጉዲፈቻ አድራጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ይህን አንቀጽ እህቴ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።

ባለቤቴ ሹካውን አስቀመጠ። “ስለዚህ እኔም አለሁበት” አለ። እሱ እስካሁን ነገሩ የሁለት እህትማማቾች ጉዳይ መስሎት ነበር።

ሌሎች ሀገሮች ይህን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። እንግሊዝ ውስጥም እናት የምትባለው የወለደችው ናት፤ ልጁ ከተወለደ በኋላ ፍርድ ቤት በትእዛዝ ወላጅነቱን ያዛውራል። ደቡብ አፍሪካ ግን ስምምነቱ አስቀድሞ፣ ፅንሱ ማሕፀን ከመግባቱ በፊት፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ታዛለች። ሕንድ ለዓመታት የዓለም ሁሉ ባለትዳር እየሄደ ድሃ ሴቶችን በገንዘብ የሚያስረግዝባት ሀገር ነበረች፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ባወጣችው ሕግ የገንዘቡን መንገድ ዘጋችው። ያን የሕንድ ታሪክ ያነበበ ሰው “ኪራይ” የሚለው ቃል እህቴን ለምን እንደሚያማት ይረዳል።

ደቡብ አፍሪካን ካነሳሁ ፓት አንተኒን ልንገርዎ፣ እህቴ ስልኳ ላይ ፎቶዋን ይዛለችና። ልጇ ካረን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ማሕፀኗን አጣች፤ ልክ እንደ እህቴ። ፓት በ48 ዓመቷ የልጇንና የአማቿን ፅንሶች ተሸክማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 ሦስት መንታ ወለደች፤ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት። የራሷን የልጅ ልጆች ማለት ነው። ዓለም ሁሉ ተነጋገረበት። እህቴ “እሷ በ48 ከቻለች አንቺ በ38 ያቅትሻል?” ለማለት ፈልጋ ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ መለሰችው። እኔ ግን ስለ ዕድሜ አልነበረም የማስበው። ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በቀዶ ጥገና ነው፤ ከእሱ ጋር የሚመጣውን አደጋ ሐኪም ይመዝናል። እኔ የማስበው ስለ ጎረቤት ነበር።

ይሳቁብኝ። ግን እርስዎም የሚኖሩት እኔ የምኖርበት ዓይነት ሰፈር ከሆነ ያውቁታል። ዘጠኝ ወር ሆዴን ሲያይ የከረመ ሰው “እንኳን ማርያም ማረችሽ” ሊለኝ ይመጣል። ገንፎ ይገነፋል። የሚታቀፈው ልጅ የለም። ልጁ እህቴ ቤት ነው። እዚያስ ሄዶ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” የሚላት ማን ነው? እሷ አልወለደችም። የገንፎው ጉዳይ ከፍርድ ቤቱ ጉዳይ ይከብደኛል ብዬ ስናገር ባለቤቴ ሳቀ። እህቴ ግን አልሳቀችም።

ያልሳቀችው የእናታችንን ታሪክ ስለምታውቅ ነው። እናታችን ያደገችው ደብረ ማርቆስ ነው። ያሳደጓት ሰዎች ወላጆቿ እንደሆኑ ታምን ነበር። በ31 ዓመቷ “አክስቴ” የምትላቸው ሴት ሞቱና ለቅሶ ሄደች። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ የሟቿን ልጆች አንድ በአንድ እየጠራች የእናቴን ስም ጨመረች። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ያላወቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ሟቿ ብዙ ልጅ ነበራቸው፤ መካን ለሆኑት እህታቸው አንዷን ሰጡ፤ ያኔ የተለመደ ደግነት ነበር። በየቤተሰቡ አለ፤ በእርስዎም ቤተሰብ ሳይኖር አይቀርም። እንደ ጡት ልጅ ሥርዓት ሰው ሰብስቦ፣ ጡት በማር ቀብቶ፣ በአደባባይ “ልጄ ነው” የሚባልበት የድሮ ወግም ነበር። በእናታችን ግን የተደረገው በጓዳ ነው፤ በፍቅርና በዝምታ። እናታችን ያሳደገቻትን ሴት እስከ ዕለተ ሞቷ “እማዬ” እንዳለች ኖራለች። የወለደቻትን ግን አንድም ቀን እማዬ ሳትላት ቀበረቻት። ይህን ስታወራ እስካሁን ድምፅዋ ይቀየራል።

ሦስተኛውን ቀን ዶርዜ ወጣን። ከአርባ ምንጭ ሙቀት ተነስተው በጥምዝምዙ መንገድ ሽቅብ ሲወጡ ሹራብዎን መልሰው ይለብሳሉ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሠርቶ በእንሰት ቅጠል ይከደናል፤ ከፊት ሲያዩት የዝሆን ፊት ይመስላል። ምስጥ እግሩን ሲበላው ከሥር ይቆረጣል፤ በዚህ ምክንያት ቤቱ እያረጀ ሲሄድ ያጥራል። ለልጆቹ ቆጮ ሲጋገር ያሳዩአቸው፤ በማርና በዳጣ ይበላል። የእኔ ልጆች ማሩን ጨርሰው ዳጣውን ለአባታቸው ተዉለት። ሴቶቹ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ወንዶቹ ሲሸምኑ ያያሉ። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚገዙት ነጠላና ጋቢ ሥሩ እዚህ ነው።

አስጎብኛችን አንድ ክፍት ሜዳ አሳየን፤ ዱቡሻ ይባላል። የጋሞ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ነገር የሚያዩበት ነው። ደጅ ነው፤ ጣራ የለውም። የተጣላ፣ የተካሰሰ፣ የመሬት ድንበር የገፋ ሁሉ ጉዳዩን እዚያ በሰው ፊት ይናገራል። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከቡራዩ የመጣው ወሬ አርባ ምንጭ ውስጥ ወጣቶችን ሲያስቆጣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበርክከው እንዳስቆሟቸው ያስታውሱ ይሆናል። በቴሌቪዥን አይተን ያለቀስንበት ነው። የዚያ ወግ መነሻው እንዲህ ያለ ሜዳ ነው።

እህቴ ዱቡሻው ዳር ሣሩ ላይ ተቀመጠች። “እታለም፣ የትናንቱን ጥያቄ መልሼ ወስጄዋለሁ” አለችኝ። ደነገጥኩ። “አልተውኩትም” አለች። “መልስሽን ግን አሁን አልፈልገውም። መጀመሪያ ለልጆችሽ ንገሪያቸው። ለእማዬም እኔ እነግራታለሁ። ሰው ሁሉ አውቆ ቢሆን ይሁን፤ ካልሆነ ይቅር። እንደ እማዬ በሙሾ የሚሰማ ልጅ አልፈልግም።”

እኔ በበኩሌ ልቤ ወደ እሺታው አድልቶ ነበር፤ አሁንም አድልቷል። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ እሺ ልል የነበረው ላለማሳዘን ነው። እህት ስትጠይቅ እምቢ ማለት እኛ ቤት አልተለመደም። ለማያውቁት ሰው ሲያረግዙ ውል፣ ጠበቃና ርቀት አለ። ለእህት ሲያረግዙ ርቀት የለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ልጁ እፊትዎ ይቀመጣል። ሲወድቅ ማን ሮጦ ያነሳዋል? በትምህርት ሲሰንፍ ማን ይቆጣዋል? እህቴ ጡጦ ብትሰጠው እኔ “ለምን?” የማለት መብት አለኝ? ይህን ሁሉ እዚያው ሣሩ ላይ እየተነጋገርን ሁለት ሰዓት ቆየን። አንዳንዱ ላይ ተስማማን። ጡት አጠባለሁ ወይስ አላጠባም የሚለው ላይ ተጣላን ማለት ይቻላል፤ እሷ “ለልጁ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ቀን” ትላለች፣ እኔ “ትንሽ ቀን ካጠባሁት አልሰጥሽም” አልኳት። ስቀልድ አልነበረም፤ እሷም አውቃለች።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ፣ ሶዶን አልፈን፣ መኪናው ውስጥ ለልጆቹ ነገርናቸው። ባለቤቴ እየነዳ ነበር፤ ፊት ለፊት ሳይተያዩ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ይቀላል። እህቴ ራሷ ጀመረችው። ማሕፀኗ እንደወጣ፣ ልጅ ሊኖራት የሚችልበት መንገድ እንዳለ፣ እናታቸው ትሸከምላት ይሆናል እንጂ ገና እንዳልተወሰነ፣ ሐኪምም ሕግም እንደሚያስፈልግ ነገረቻቸው። የ14 ዓመቷ ልጄ ረጅም ሰዓት በመስኮት ስታይ ቆይታ “እማዬ ትሞታለች?” አለች። የአክስቷን ያን ሌሊት ታስታውሳለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አደጋ እንደሌለው አልነገርኳትም። “ሐኪም አይሆንም ካለ አላደርገውም” አልኳት። “ካላለስ?” አለች።

ትንሹ ሙዝ እየላጠ ነበር።

“ልደቱን የምናከብረው እኛ ቤት ነው እነሱ ቤት?” አለ።

እህቴ ከኋላ ወንበር “አንተ የት ይሻላል ትላለህ?” አለችው። ማሰብ ጀመረ። ሆሳዕና እስክንደርስ ድረስ አልመለሰላትም።